ተፈውሻለሁ ካልኩ በኋላ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋችኝ ባለቤቴ ናት። «መድረክ ላይ ወጥተህ የተናገርከውን ጉባኤው ሁሉ ሰምቷል፤ ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሆነውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። እንደ እኛ የተጨነቁ ባልና ሚስት ሊኖሩ ይችላሉና ጻፈው» አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት። የተወደዳችሁ አንባቢያን፣ የምነግራችሁ ጌታ ያደረገልኝን ነው። ነገር ግን እርሱን ከመናገሬ በፊት እኔ ያደረግሁትን መናገር ይኖርብኛል።

የዚያች ሐሙስ ሌሊት

ሆዴን ማመም የጀመረኝ በ2006 ዓ.ም. ነው። ሕመሙ ከእምብርቴ በላይ ይነሣና ወደ ጀርባዬ ዘልቆ እንደ መቀነት ይጠመጠምብኛል። ምግብ ስበላ ይብስብኛል፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ስቀመጥ ቀለል ይለኛል። በአገራችን ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ጨጓራ ይባላል። እኔም ጨጓራ ነው ብዬ ተቀበልኩት። በርበሬ ተውኩ፣ ቡና ተውኩ፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ተልባ ጠጣሁ። ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል እየገዛሁ ለዓመታት ዋጥኩ። ሕመሙ አንዳንዴ ለወራት ይተወኝና ተመልሶ ይመጣል።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ስለ ምግብ ልመት ሳስተምር በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ ጨጓራን እሥላለሁ፤ ከጨጓራ በስተጀርባ ደግሞ ቆሽትን በጠመኔ አጋድሜ እሥላታለሁ። ርዝመቷ ዐሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እንደ ሆነ፣ ምግብ የሚያልሙ ኢንዛይሞችንና ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን እንደምታመነጭ ለተማሪዎቼ እናገራለሁ። ስለ ራሴ ቆሽት ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ቆሽት አለኝ የምለው ተማሪዎቼ ሲያስቸግሩኝና «ቆሽቴ አረረ» ስል ብቻ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር አንድ ሐሙስ ምሽት የቤተሰብ ጸሎት ኅብረታችን ተራው እኛ ቤት ነበር። ያን ቀን ሕመሙ ከመቼውም የባሰ ሆነብኝ። ቅዱሳን ሳሎን ተቀምጠው ሲዘምሩ እኔ መኝታ ቤት ጉልበቴን ወደ ደረቴ ሰብስቤ ተኝቼ ነበር። ገብተው እጃቸውን ጫኑብኝ። እስከ እኩለ ሌሊት በእንባ ጸለዩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሕመሙ በድንገት ቆመ። ቀስ በቀስ አይደለም፤ የተወጠረ ገመድ ሲላላ እንደሚሆነው በአንድ ጊዜ ለቀቀኝ። ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። አልጋው አጠገብ ተንበርክከን ሁለታችንም አለቀስን።

እሑድ መድረክ ላይ ወጣሁ። የመድኃኒቱን ፓኬት ከኪሴ አውጥቼ ከፍ አድርጌ አሳየሁና «ተፈውሻለሁ! ከእንግዲህ ይህ አያስፈልገኝም» አልኩ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ባለቤቴ ከፊት ወንበር ላይ ቆማ ታጨበጭባለች፤ ፊቷን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። በቀጣዩ ማክሰኞ የአልትራሳውንድ ቀጠሮ ነበረኝ። አልሄድኩም። አትሂድ ያለኝ ሰው የለም። እኔው ነኝ ለራሴ «ከመሰከርክ በኋላ መመርመር አለማመን ነው» ያልኩት።

ቀበቶዬ

አራት ወር ያህል ደኅና ሰነበትኩ። ሕመሙ በእርግጥም አልነበረም። ነገር ግን ሌሎች ነገሮች መጡ። ሰገራዬ ቅባት የተቀላቀለበት ሆነ፤ ውኃ ቢደፋበትም አይሄድም። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት እነሣለሁ፤ የጠጣሁት ውኃ ጥሜን አይቆርጠውም። እየከሳሁ ሄድኩ። ሱሪዬ አልቆም ሲለኝ ከማስተማሪያ ክፍሌ በር ጀርባ ቆሜ ቀበቶዬን በምስማር በሳሁት። ከአንድ ወር በኋላ ሌላ ቀዳዳ ጨመርኩ። ከዚያም ሦስተኛ።

ለምን ለባለቤቴ አልነገርኩም? ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። በዚያን ወቅት የታመሙ ሰዎች እንድጸልይላቸው ወደ እኔ ይመጡ ነበር። ሌላ አጥቢያ ጋብዞኝ ሄጄ መስክሬአለሁ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ «የተፈወሰው ወንድማችን» ይለኛል። አሁን ተመልሼ «አሞኛል» ብል የተናገርኩት ውሸት ሆኖ የሚቀር፣ የጌታም ስም የሚሰደብ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን የፈራሁት ለጌታ ስም ብቻ አልነበረም። ለራሴም ስም ፈርቼ ነበር።

ይባስ ብሎ ምግብ መብላት ሲያቅተኝ «ጾም ይዤአለሁ» ማለት ጀመርኩ። ባለቤቴ ደስ ይላት ነበር። «ጌታ በመንፈስ እያሳደገህ ነው» ትለኝ ነበር። በጾም ስም ሚስቴን እያታለልኩ አብሬአት ማዕድ ላይ ቀርቤ እጸልይ ነበር። ከሠራሁት ሁሉ ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ለማጠብ ስትሰበስብ ቀበቶዬን ከወንበር ላይ አነሣችው። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። «ይህን ቀበቶ ስገዛልህ አምስት ቀዳዳ ነበረው፤ አሁን ስምንት ነው» አለች። ዝም አልኩ። «እስቲ ዓይንህን ወደ ብርሃኑ አዙር» አለችኝ። የዓይኔ ነጩ ክፍል ቢጫ ሆኗል። እኔም በመስታወት አይቼው ነበር፤ «እንቅልፍ ስላጣሁ ነው» አልኳት።

አልተቆጣችም። ቢሆንልኝ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀበቶውን በእጇ እየጠቀለለች «መድረክ ላይ የሚናገረው ሰውዬና ከእኔ ጋር የሚተኛው ሰውዬ ተለያዩብኝ። እኔ ያገባሁት የትኛውን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጎረቤታችን እማማ ዓይኔን አይተው «የወፍ በሽታ ነው» አሉና የሚያውቁትን ቅጠል ጠቆሙን። በዚያው ሌሊት ግን አልጋውን የሚያናውጥ ብርድ ብርድና ትኩሳት ያዘኝ። ሊነጋ ሲል ባለቤቴ ልብሴን አለበሰችኝ። «ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ጌታን ክደሃል የሚልህ ካለ እኔ እመልስለታለሁ» አለች።

ሁለተኛው ቀዳዳ

ደሜ ሲመረመር ስኳሬ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሐሞትም በደሜ ውስጥ ተከማችቷል። በአልትራሳውንድና በሲቲ ስካን ሲታይ ቆሽቴ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ዕጢ አለ። በቆሽት መካከል የሚያልፈው ዋናው ቱቦ በጤነኛ ሰው ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የእኔ ዐሥራ አራት ሆኗል። ከዚያም ካሜራ ያለውን ቀጭን ቱቦ በአፌ አስገብተው እስከ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ድረስ አዩ።

ከማደንዘዣው ስነቃ ሐኪሙ እኔንና ባለቤቴን አስቀምጦ ሥዕሉን በኮምፒውተር አሳየን። የቆሽት ቱቦ ወደ አንጀት የሚከፈትበት በር አብጦ እንደ ዓሣ አፍ ተከፍቷል። ከውስጡ ወፍራም ዝልግልግ ነገር ይወጣል። ባለቤቴ ተጠግታ አየችና «ተዘፍዝፎ ያደረ ተልባ ይመስላል» አለች። ሐኪሙ ሳቅ ብሎ «ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አልሰማሁም» አላት። ከዓሣው አፍ በታች ግን መኖር የማይገባው ሌላ ቀዳዳ አለ። ያው ዝልግልግ ነገር ከእርሱም ይፈስሳል።

ሐኪሙ እንዲህ ሲል አስረዳን። «በቆሽት ላይ የሚገኙ ፈሳሽ የቋጠሩ እብጠቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ቆሽት ከተቆጣች በኋላ የሚመጣ የፈሳሽ ክምችት አለ፤ ዕጢ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜም በራሱ ይጠፋል። እንደ ውኃ ቀጭን ፈሳሽ የሚይዝ ዕጢ አለ፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመነጩ ዕጢዎች ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ጊዜ ካገኙ ወደ ካንሰር ሊለወጡ ይችላሉና። የእርስዎ የተነሣው ከዋናው ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው ዐሥር ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሰፋ፣ አቅም ላለው ሕመምተኛ የምንመክረው ቀዶ ጥገና ነው።» ይህን ዓይነቱን ዕጢ ለይተው የገለጹት የጃፓን ሐኪሞች መሆናቸውን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1982 እንደ ነበረ ከእርሱ ሰማሁ። እኔ ከተወለድኩ በኋላ የታወቀ በሽታ ነው።

«ቀዳዳውስ?» አልኩ።

«ፊስቱላ ይባላል።»

ባለቤቴና እኔ ተያየን። «ፊስቱላ የሴቶች አይደለም እንዴ?» አልኩት። እኛ ፊስቱላ ሲባል የምናውቀው በምጥ የተጎዱ እኅቶቻችንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው ለእነዚህ እናቶች ሕይወታቸውን የሰጡትን ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንንና እ.ኤ.አ. በ2020 ያረፉትን ባለቤታቸውን ዶክተር ካትሪንን ነው የምናስበው። ሐኪሙ ግን ቃሉ ከዚያ ሰፋ ያለ እንደ ሆነ ነገረን። በሁለት የሰውነት ክፍሎች መካከል መኖር የማይገባው መንገድ ሲከፈት ፊስቱላ ይባላል። ቆሽት ጎረቤቶቿ ብዙ ናቸው። ራሷ በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ተከብባለች፤ የሐሞት ቱቦ በውስጧ ያልፋል፤ ጨጓራ ከፊቷ ነው፤ ትልቁ አንጀትም ሩቅ አይደለም። ዝልግልጉ ፈሳሽ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምርና የአንዱን ጎረቤት ግድግዳ አሳስቶ ይበሳል። ወይም ደግሞ ዕጢው ራሱ ካንሰር ሆኖ ግድግዳውን በልቶ ያልፋል። በእኔ ላይ ሁለት መንገድ ተከፍቷል፤ አንዱ ወደ አንጀት፣ ሌላው ወደ ሐሞት ቱቦ። ዓይኔን ያቢጫው በሁለተኛው በኩል የገባው ዝልግልግ ነገር ሐሞቱን ስለ ደፈነው ነው። ትኩሳቱም የመጣው የታቆረው ሐሞት ስለ ተመረዘ ነው።

በዚህ ጊዜ ባለቤቴ በአእምሮዬ የነበረውን ጥያቄ ጠየቀች። «ዶክተር፣ በኅዳር ወር አንድ ሌሊት ከባድ ሕመም ነበረበት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በድንገት ቆመ። ምን ሆኖ ነው?»

ሐኪሙ ጥቂት አሰበ። «ያን ሌሊት ነው ብዬ መማል አልችልም» አለ። «ነገር ግን ሲያሳምምዎት የነበረው የታፈነው ግፊት ከሆነ፣ ወደ አንጀት ያለው ቀዳዳ ሲከፈት ፈሳሹ መውጫ አግኝቶ ሕመሙ ሊቆም ይችላል። ሕመሙ ይቆማል፤ ዕጢው ግን እዚያው ነው።»

ወንድሞችና እኅቶች፣ ያቺን ሰዓት እንዴት እንደምገልጽላችሁ አላውቅም። ስድስት መቶ ሰው እልል ያለበት ፈውሴ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ።

ሁለት ጊዜ የተዳሰሰው ሰው

ሐሞቱ እንዲወርድ ቀጭን ቱቦ አስገቡልኝ። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና ኢንሱሊን ጀመርኩ። ዝልግልጉ ነገር ቱቦውን እየደፈነው ሁለት ጊዜ ተቀየረልኝ። ሰውነቴ ለቀዶ ጥገና እስኪበረታ ድረስ አምስት ሳምንት ጠበቅን። ቀዳዳዎቹ በግፊት ይከፈቱ ወይም በካንሰር፣ ዕጢው ወጥቶ በላቦራቶሪ እስኪመረመር ድረስ በእርግጠኝነት የሚታወቅ አልነበረም።

በእነዚያ ሳምንታት ቤታችን ውስጥ ብዙ ዝምታ ነበር። ባለቤቴ ታጥበኛለች፣ ታበላኛለች፣ መርፌዬን ትወጋኛለች፤ ግን አታነጋግረኝም። አንድ ምሽት ይቅርታ ጠየቅኋት። «በመታመምህ አልተቀየምኩም፤ ጾመኛ መስለህ ስትታለለኝ አብሬህ ጌታን አመሰግን ነበር። ጸሎቴን ነው ያሞኘኸው» አለችኝና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ይቅርታዋ በዚያች ሌሊት አልመጣም፤ በሂደት መጣ። ይህን የምጽፈው ይቅርታ በአንድ ቃል ያልቃል ብለን ለምናስብ ባሎች ነው።

መጋቢያችን ሊጠይቀኝ ሲመጣ ሁሉን ነገርኩት። «እንግዲህ ምስክርነቴ ውሸት ነበር ማለት ነው?» አልኩት። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን የቤተ ሳይዳውን ዓይነ ስውር አስታወሰኝ። ጌታ አንድ ጊዜ ከዳሰሰው በኋላ የሚያየው ነገር እንዳለ ጠየቀው። ሰውዬው ማየት ጀምሯል፤ ሰውን ከዛፍ ለመለየት ግን አልቻለም። ይህንኑ ሳይደብቅ ተናገረ። ጌታም ደግሞ ዳሰሰው፤ ያን ጊዜ ሁሉን አጥርቶ አየ።

«አየህ ወንድሜ፣» አለኝ መጋቢው፣ «ሰውዬው ጌታን እንዳላሳፍር ብሎ ሁሉ ይታየኛል ቢል ኖሮ ሰውና ዛፍ ተምታተውበት ዕድሜውን ይጨርስ ነበር። ግማሽ መሆኑን የተናገረው ለራሱ ለጌታ ነው፤ ጌታም አልተቆጣውም። አንተ ያን ሌሊት እፎይታ አግኝተሃል። ስለ እፎይታው ማመስገንህ ልክ ነው። ፈውስ የሚል ስም ያወጣህለት ግን አንተ ነህ፤ እኛም ሳንጠይቅ አጨበጨብንልህ። ጥፋቱ የአንተ ብቻ አይደለም።»

ቀጥሎም ስለ ለምጻሞቹ ነገረኝ። ጌታ ያነጻቸውን ሰዎች ሄደው ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ ይልካቸው ነበር። በዚያ ዘመን መርምሮ ነጽተዋል የሚለው ካህኑ ነበርና። ጌታ የፈወሰው ሰው መመርመርን የሚፈራበት ምክንያት የለም። ለንጉሥ ሕዝቅያስም ዕድሜ የጨመረለት ጌታ ነው፤ በእባጩ ላይ ግን የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ ተነግሯል። ይህን ሁሉ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። በራሴ ላይ ሲደርስ ግን ከኢየሱስ ይልቅ የሰውን እልልታ ፈራሁ።

ቀዶ ጥገናው ሊደረግ ሁለት እሑድ ሲቀረው ባለቤቴ ክንዴን ይዛኝ እንደ ገና መድረክ ላይ ወጣሁ። ከእግሬ በላይ የከበደኝ አፌ ነበር። የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ቀዳዳውን፣ ቀበቶውን፣ የጾሙንም ውሸት። እልልታ አልነበረም። ረጅም ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው «ልጄ፣ እኔም የስኳር መድኃኒቴን ካቆምኩ ሦስት ወር ሆኖኛል» አሉ። በሚቀጥለው ቀን ልጃቸው ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ከመጀመሪያው ምስክርነቴ ይልቅ ሁለተኛው ሰው የረዳ ይመስለኛል።

ሰባት ሰዓት

የተደረገልኝ ቀዶ ጥገና ዊፕል ይባላል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ይህን ቀዶ ጥገና ካሳወቁት አሜሪካዊው ሐኪም ከአለን ዊፕል ነው። ሰውዬው ከሚሲዮናውያን ወላጆች በፋርስ አገር በኡርሚያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1881 የተወለዱ መሆናቸውን ባነበብኩ ጊዜ ደነቀኝ። ወንጌል ሊሰብኩ ርቀው የሄዱ ባልና ሚስት የወለዱት ልጅ ሥራ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ አዲስ አበባ ላይ ለእኔ ደረሰ።

በዚህ ቀዶ ጥገና የቆሽት ራስ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢትና የሐሞት ቱቦ የታችኛው ክፍል አብረው ይወጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ከጨጓራ ጥቂት ይቆረጣል። ከዚያ የቀረው ቆሽት፣ የሐሞት ቱቦውና ጨጓራው ከትንሹ አንጀት ጋር እንደ ገና ይሰፋሉ። ከባድ ቀዶ ጥገና ነው፤ ልምድ ያለው ቡድን ይፈልጋል። የእኔ ሰባት ሰዓት ፈጀ። ያ ሐሙስ ሌሊት እጃቸውን የጫኑብኝ ወንድሞችና እኅቶች ቀደም ብለው ለደም ባንክ ክንዳቸውን ዘርግተው ደም ሰጥተው ነበር። ለሕክምናው ወጪ ያዋጡም አሉ። እኔ ጸሎታቸው በሐሙስ ሌሊት ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ቆሽትና አንጀት የተሰፉበት ቦታ ፈሳሽ አፈሰሰ። ይህም ፊስቱላ እንደሚባል፣ ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላም እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ነገሩን። በጎኔ የወጣ ቱቦ ይዤ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ባለቤቴ በየቀኑ ከቱቦው የወረደውን ፈሳሽ እየለካች በደብተር ትጽፍ ነበር። በዚያ ደብተር ላይ ነው መነጋገር የጀመርነው። «ዛሬ ስንት ሆነ?» እላታለሁ፤ ትነግረኛለች። ልክ ያልሆነውንም ልክ የሆነውንም ሳትደብቅ ትነግረኛለች። አንድ ጠዋት ሐኪሙ ቱቦውን አወጣው።

የላቦራቶሪው ውጤት የመጣ ዕለት ወረቀቱን እጄ ላይ አድርጋ «አንተ አንብበው» አለችኝ። ቀዳዳዎቹ የተከፈቱት በግፊት ነው፤ ዙሪያቸውን የወረረ ካንሰር አልተገኘም። ዕጢው ግን ካንሰር ለመሆን የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሷል። ሐኪሙ «አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር» አለን። በአንዲት ቀበቶ ምክንያት ያን እርምጃ ቀደምነው።

ዛሬስ?

ዛሬ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ከምግብ ጋር የቆሽት ኢንዛይም እወስዳለሁ፤ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ከገበያ ይጠፋል። በቀረው ቆሽቴ ላይ ዕጢው ሊመለስ ስለሚችል በየስድስት ወሩ ምርመራ አለኝ። በየስድስት ወሩም ከባለቤቴ ጋር ተያይዘን እንሄዳለን። ቀጠሮው ሲቃረብ ሁለታችንም እንቅልፍ ይነሣናል፤ ልዩነቱ አሁን ያልተኛ ሰው «አልተኛሁም» ብሎ ለሌላው መናገሩ ነው። ሰዎች «ተፈውሰሃል ወይ?» ሲሉኝ «ጌታ እስከዚህ አድርሶኛል፤ ገና እየዳሰሰኝ ነው» እላለሁ።

በአጥቢያችን ሽማግሌዎች አንድ ነገር ወስነዋል። ስለ ፈውስ የሚመሰክር ሰው በደስታ ይመሰክራል፤ መድኃኒቱን ግን ሐኪሙ ሳያውቅ እንዳያቆም፣ ቀጠሮውንም እንዳይተው መድረክ ላይ ሳለ ይነገረዋል። ማንም በዚህ እምነቱ አልቀነሰም።

ለእናንተም እንደ ወንድም አንድ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ወደ ጀርባ የሚዘልቅና እየተመላለሰ የሚያስቸግር ሕመም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ቅባት የተቀላቀለበት ሰገራ፣ በጉልምስና ዕድሜ በድንገት የመጣ የስኳር በሽታ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር ካያችሁ ጨጓራ ነው ብላችሁ አትለፉት። ምናልባት ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ይታይ። በምርመራ ላይ «ቆሽትህ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ታየ» ከተባላችሁም ወዲያው ሞት አይምሰላችሁ። ብዙዎቹ በክትትል ብቻ የሚያዙ ናቸው። ክትትሉን ግን አትተዉ።

ባሎች ሆይ፣ ለጉባኤ ከመናገራችሁ በፊት ለሚስቶቻችሁ ተናገሩ። ሚስቶች ሆይ፣ ቀበቶ ቁጠሩ። እኔ በቆሽቴ ውስጥ የታፈነው ነገር መውጫ ሲያጣ ጎረቤቱን እንደ በሳ አይቻለሁ። በልቤ የደበቅሁት ነገርም ከእኔ ጋር አልቀረም፤ የባለቤቴን ጸሎት በሳ። የሥጋዬን ሐኪሞች ሰፍተውታል። የቤታችንን ጌታ በየቀኑ እየሰፋልን ነው፤ ክሩም እውነት መናገር ነው።

ቀበቶው እስካሁን አለ። ክብደቴ ጥቂት ተመልሶ አሁን በስድስተኛው ቀዳዳ ላይ ነኝ። ባለቤቴ ዐልፎ ዐልፎ ታየውና «ስንተኛው ላይ ደረስክ?» ትለኛለች። እኔም እውነቱን እነግራታለሁ። ለጌታ ክብር ይሁን።